የቱፕልን አባላት በቁጥር ሳይሆን በስም ማውጣት

አንድ ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ አንዲት ስህተት ስፈልግ ዋልኩ። ፕሮግራሙ ይሠራል፣ ኤረር አያወጣም፣ ካርታው ላይ የሚወጡት ነጥቦች ግን በሙሉ ባሕር ላይ ያርፋሉ። መረጃው የመጣው በጂኦጄሰን፣ ማለትም የካርታ መረጃ በሚጻፍበት የፋይል ቅርጽ፣ ነበር። በጂኦጄሰን ደንብ ኬንትሮስ ይቀድማል፣ ኬክሮስ ይከተላል። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ኬክሮስን አስቀድሜ መናገር ስለለመድኩ የነጥቡን የመጀመሪያ አባል፣ ቦታ[0]ን (ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል)፣ እንደ ኬክሮስ ቆጠርኩት። ሁለቱም ባለነጥብ ቁጥሮች ናቸውና የጻፍኩበት የፕሮግራም ቋንቋ ፓይተን የሚከለክለኝ ምክንያት አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ቱፕል፣ ማለትም በቅደም ተከተል የተቀመጡ አባላት ያሉትና የማይቀየር ስብስብ፣ በያዝኩ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው "ይህን ነገር በስሙ ልጠራው የምችለው እንዴት ነው?" ብዬ ነው።

ምሳሌዎቹን በፓይተን አደርጋቸዋለሁ። ፓይተን እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው ከ3.0 ጀምሮ ለቫሪያብል ስም የእኛን ፊደል ይቀበላል፤ ስለዚህ ከታች ያሉትን መስመሮች እንዳሉ ጽፋችሁ ማስኬድ ትችላላችሁ። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። አባላትን የሚለየው የላቲኑ ኮማ ነው፤ የእኛን ነጠላ ሰረዝ ካስገባችሁ መስመሩ አይነበብም። ሌላው፣ ለእኛ ጆሮ አንድ የሆኑት ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ ለፓይተን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አንድ ቦታ "ዓመት" ሌላ ቦታ "አመት" ብትሉ ሁለት ቫሪያብል ፈጠራችሁ ማለት ነው።

ቦታ = (41.25, 12.5, 830)

ቅደም ተከተሉ ኬንትሮስ፣ ኬክሮስ፣ ከፍታ በሜትር ነው። ቦታ[0] 41.25ን ይሰጣል፣ ቦታ[2] 830ን። ከኋላ መቁጠርም ይቻላል፤ ቦታ[-1] የመጨረሻው አባል ነው። ቦታ[3] ብትሉ ግን ኢንዴክስ ኤረር ይመጣል። በነገራችን ላይ ቱፕልን ቱፕል የሚያደርገው ኮማው እንጂ ቅንፉ አይደለም፤ (830) ተራ ቁጥር ነው፣ (830,) ግን አንድ አባል ያለው ቱፕል።

ቁጥሩ በራሱ ክፉ አይደለም። ቱፕሉ በተፈጠረበት መስመር አጠገብ ከተጠቀማችሁበት አንባቢው ዓይኑን ትንሽ ከፍ አድርጎ ትርጉሙን ያገኘዋል። ችግሩ ቱፕሉ ሦስት ፋንክሽን ተሻግሮ ሌላ ፋይል ውስጥ ቦታ[1] ሲባል ነው። እዚያ የደረሰ ሰው፣ ከወር በኋላ የምትመለሱት እናንተም ብትሆኑ፣ 1 ምን እንደነበረ ከማስታወስ ሌላ መንገድ የለውም።

ስለዚህ እንደደረሰ ፍቱት፣ ማለትም ለእያንዳንዱ አባል የራሱን ስም ስጡት፦

ኬንትሮስ, ኬክሮስ, ከፍታ = ቦታ

ከዚህ መስመር በኋላ ቁጥር አያስፈልጋችሁም። በግራ ያሉት ስሞች ብዛት ከአባላቱ ጋር ካልገጠመ ቫሊዩ ኤረር እዚያው ያስቆማችኋል፤ በቁጥር ብትደርሱበት ዝም ብሎ ያልፍ የነበረውን ነገር ማለት ነው። ቅደም ተከተሉን ካገላበጣችሁ ግን ይህም አያድናችሁም። የሚጠቅማችሁ ስህተቱ በሃያ ቦታ ከመበተን አንድ መስመር ላይ መወሰኑ ነው፤ እኔ ያን ጊዜ እንዲህ አድርጌ ቢሆን ኖሮ የማስተካክለው አንድ መስመር ብቻ ነበር።

በጂኦጄሰን ከፍታው ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ኮከብ አለ፦

ኬንትሮስ, ኬክሮስ, *ቀሪ = ቦታ

ከፍታ ካለ ቀሪ ውስጥ ይገባል፣ ከሌለ ቀሪ ባዶ ይሆናል። ቀሪ ቱፕል ሳይሆን ሊስት (ሊቀየር የሚችል ዝርዝር) መሆኑን ልብ በሉ።

ቱፕሉ ከአንድ ፋንክሽን ወደ ሌላ የሚጓዝ ከሆነ ግን መፍታት አይበቃም፤ ስሙ አብሮት መጓዝ አለበት። የኦብጀክት ኦሪየንትድ አሠራር የሚረዳን እዚህ ነው። ታይፒንግ ከሚባለው ሞጁል ኔምድቱፕልን አስመጡ፣ ስፍራ የሚል ክላስ (አዲስ የመረጃ ዓይነት) ከእሱ አስወርሱ፣ በክላሱ ውስጥ በየመስመሩ የአባሉን ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ዓይነቱን ጻፉ። አጠቃቀሙ ይህ ነው፦

ቦታ = ስፍራ(ኬንትሮስ=41.25, ኬክሮስ=12.5, ከፍታ=830)
ቦታ.ኬክሮስ

ይህን መንገድ የምወደው አሮጌውን ኮድ ስለማያፈርስ ነው። ቦታ[1] አሁንም ይሠራል፣ መፍታቱም ይሠራል፤ አዲሱን ኮድ በስም እየጻፋችሁ አሮጌውን ቀስ በቀስ መለወጥ ትችላላችሁ። አንድ ጉድለት አለው፦ ሁለት የተለያዩ የኔምድቱፕል ክላሶች ተመሳሳይ ዋጋ ከያዙ ፓይተን "እኩል ናቸው" ይላል፤ ስፍራና ሌላ ሦስት ቁጥር የያዘ ነገር ሊምታቱ ይችላሉ። ይህ የሚያሰጋችሁ ከሆነ የማይቀየር ዳታክላስ (መረጃ ለመያዝ የሚዘጋጅ የፓይተን ክላስ) ይሻላል።

የቱፕል አባል አይቀየርም ሲባል ያልጠበቃችሁት ነገር ሊገጥማችሁ ይችላል። ይህን ሞክሩት፦

መዝገብ = (1, [5, 6])
መዝገብ[1] += [7]

ታይፕ ኤረር ይወጣል። ከኤረሩ በኋላ መዝገብን ብትመለከቱ ግን ውስጡ (1, [5, 6, 7]) ሆኖ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ ሊስቱ ራሱ ተራዘመ፣ ያ ተሳካ፤ ቀጥሎ ውጤቱን ወደ መዝገብ[1] መመለስ ተሞከረ፣ ቱፕሉም ከለከለ። ኤረሩን ይዛችሁ ብታልፉት መረጃው ተለውጦ ይቀጥላል። ስለዚህ ቱፕል ውስጥ ሊስት አለማስገባት ይሻላል።

ሌሎቹ ቋንቋዎች ላይ መቁጠሪያው ይለያያል። ሲ ሻርፕ ስም ካልሰጣችሁት አይተም1፣ አይተም2 እያለ ከአንድ ይጀምራል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው ሲ ሻርፕ 7 ጀምሮ ግን ለአባላቱ ስም መስጠት ይቻላል። ስዊፍትና ረስት ነጥብና ዜሮ ይጽፋሉ። ኮትሊን ሁለት አባላት በሚይዘው ፔር ላይ ፈርስትና ሰከንድ ይላል፤ ስም ቢመስልም ከቁጥር የተለየ ነገር አይነግራችሁም። ሲ ፕላስ ፕላስ ውስጥ ጌት የሚባለው የሚቀበለው ኮምፓይል ሲደረግ የታወቀ ቁጥርን ብቻ ነው፤ የሉፕ ቫሪያብል ልትሰጡት አትችሉም።

ጃቫ የራሱ ቱፕል የለውም፤ ምትኩ እ.ኤ.አ. በ2021 በጃቫ 16 የጸናው ሪኮርድ ነው። በቁጥር መግቢያ ስለሌለው እያንዳንዱን አባል በስሙ ለመጥራት ትገደዳላችሁ። ሲፈጠር ግን ዋጋዎቹ በቅደም ተከተል ነው የሚሰጡት፤ መገልበጥ እዚያ ላይ አሁንም ይቻላል። እኔ ኮንስትራክተሩ (ሪኮርዱን የሚፈጥረው ክፍል) ውስጥ ኬክሮስ ከ-90 በታች ወይም ከ90 በላይ ከሆነ ኤረር እንዲያወጣ አደርጋለሁ። ይህ የሚይዘው ኬንትሮሱ ከ90 ያለፈበትን መገልበጥ ብቻ ነው፤ ለቀረው እውነተኛ ቦታው የሚታወቅ አንድ ነጥብ ይዤ ቴስት እጽፋለሁ።