ከዲሲ አዲስ አበባ፦ በስፕሪንግ ብሬክ ልጆች ይዞ ዘመድ ጥየቃ

ስፕሪንግ ብሬክ፣ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የጸደይ እረፍት፣ አምስት የትምህርት ቀን ነው። ፊትና ኋላው ላይ ያሉት ቅዳሜና እሁዶች ሲጨመሩ ዘጠኝ ቀን ይሞላል። ቅዳሜ ጠዋት ከዋሽንግተኑ ዳለስ አየር ማረፊያ የተነሳ ቤተሰብ ቦሌ የሚደርሰው እሁድ ጠዋት ነው። ልጆቹ ሰኞ ክፍል እንዲገቡ ደግሞ የሚቀጥለው ቅዳሜ ማታ መመለስ ግድ ነው። እጅ ላይ የሚቀረው ሰባት ቀን ሲሆን ከእሱም አንድ ቀን ተኩሉን እንቅልፍ ይወስደዋል። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሒሳብ ሳይሠራ የአንድ ወር ዕቅድ ይዞ ይሄድና ዘመዱንም ሳይጠግብ፣ ልጆቹንም አድክሞ ይመለሳል። ሰባት ቀን ይበቃል። የሚበቃው ግን ዋናው ሥራ ከመነሳታችሁ በፊት ካለቀ ነው።

ቀኑ የሚውልበት ሳምንት

አብዛኞቹ የዋሽንግተን አካባቢ ትምህርት ቤቶች እረፍቱን የሚሰጡት በምዕራባውያኑ ፋሲካ ዙሪያ ነው። የኛ ፋሲካ አንዳንድ ዓመት ከእነሱ ጋር ይገጥማል፣ አንዳንድ ዓመት በአምስት ሳምንት ይርቃል። በ2027 የእነሱ ማርች 28፣ የኛ ሚያዝያ 24 ቀን 2019 (ሜይ 2) ነው። በማርች መጨረሻ የሚሄድ ሰው ዐቢይ ጾም መካከል ይገባል ማለት ነው። በ2028 ግን ሁለቱም ኤፕሪል 16፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2020 ይውላሉ። ያን ጊዜ የሚታየው ትምህርት ቤታችሁ የሚዘጋው ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት ነው ወይስ በኋላ ባለው የሚለው ነው። በፊት ከሆነ ሰሙነ ሕማማት ውስጥ ትገባላችሁ።

ይህ ለልጅ ትልቅ ልዩነት አለው። በጾም ወቅት የአያት ቤት ውስጥ ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ ላይኖር ይችላል፣ ብዙ ሥጋ ቤትም ይዘጋል። አያት ሕፃን ጹም አይሉም፤ ነገር ግን የፍስክ ዕቃ ከጾሙ ዕቃ ጋር እንዳይነካካ ይጨነቃሉ። አንድ መጥበሻና አንድ ድስት ለልጆቹ ብቻ እንዲለይ በስልክ ተነጋገሩ። ወተቱንና እንቁላሉን ራሳችሁ ገዝታችሁ አስገቡ። በሰሙነ ሕማማት ደግሞ የይሁዳ መሳም እየታሰበ ምእመናን ተሳስመው ሰላምታ አይሰጣጡም። እቅፍ ጠብቆ የሮጠ የስምንት ዓመት ልጅ አያቱ በሩቁ እጅ ሲነሡት “አልወደደችኝም” ብሎ ሊያዝን ይችላል። አስቀድማችሁ አስረዱት። 

ወረቀቱ

ከአራት ወር በፊት የሁሉንም ፓስፖርት አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። ከመግቢያችሁ ቀን ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። 16 ዓመት ያልሞላው ልጅ የአሜሪካ ፓስፖርት የሚያገለግለው 5 ዓመት ብቻ ስለሆነ ሳይታወቅ የሚያልፈው ብዙ ጊዜ የልጁ ነው። በፖስታም አይታደስም፤ ልጁና ሁለቱም ወላጆች በአካል መቅረብ አለባቸው። አንደኛው ወላጅ መቅረብ ካልቻለ ዲኤስ 3053 የሚባለውን ቅጽ ሞልቶ፣ ኖተሪ ፊት ፈርሞ ከመታወቂያው ኮፒ ጋር ይላክ።

ቢጫ ካርድ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ያለው ሰው ቪዛ አያስፈልገውም። አሜሪካ የተወለደ ልጅም በወላጁ በኩል ማውጣት ይችላል። ጉዳዩን የሚያዘገየው አብዛኛውን ጊዜ የስም አጻጻፍ ነው፦ አባት በድሮው ፓስፖርቱ ላይ ስሙ በአንድ “ኤስ”፣ በዜግነት ወረቀቱ ላይ በሁለት “ኤስ” ተጽፎ ይገኛል። ከማመልከታችሁ በፊት ሰነዶቹን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፊደል በፊደል አነጻጽሩ። ጊዜው ከጠበበ ለልጁ ኢቪዛ ይበቃል። የማመልከቻው ድረ ገጽ በጎቭ ነጥብ ኢቲ የሚያልቀው የመንግሥት ገጽ መሆኑን አረጋግጡ፤ አስመስለው የተሠሩ፣ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠይቁ ገጾች አሉ።

እናት ብቻዋን ልጆች ይዛ ስትጓዝ ሌላ ችግር ይመጣል። በኛ ስም አወጣጥ የልጁ የመጨረሻ ስም ከእናቱ ጋር አይገጥምም፤ አንዳንዴ ከአባቱም ጋር አይገጥምም። ስለዚህ የልደት የምስክር ወረቀቱን ዋናውን፣ ከሌላኛው ወላጅም በኖተሪ የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ በእጅ ሻንጣ ያዙ። ደብዳቤው የልጁን ስም፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የመሄጃና የመመለሻ ቀን፣ የሚፈቅደውን ወላጅ ስልክ ይያዝ።

መርዶ

ይህን ብዙ የጉዞ መመሪያ አይጠቅሰውም፤ ለኛ ግን ከሁሉ ይከብዳል። ውጭ ላለ ሰው ሞት ይደበቃል። “ብቻውን ነው፣ ሲመጣ ይነገረዋል” ተብሎ ወራት ያልፋሉ። ከዚያ ቤተሰቡ እሁድ ጠዋት ከ13 ሰዓት በረራ ወርዶ ገና ፊቱን ሳይታጠብ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይጠብቁታል። ልጆቹ ደግሞ እናታቸው መሬት ላይ ስትወድቅ ያያሉ።

ከመነሳታችሁ ሦስት ሳምንት በፊት ከሁሉ ይልቅ እውነት ይነግረኛል የምትሉትን አንድ ሰው ለብቻው ደውሉለት። “ሁሉም ደህና ነው?” ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ “እግዚአብሔር ይመስገን” ነው። ስም እየጠራችሁ ጠይቁ፦ “እትዬን በስልክ አገናኘኝ፣ ጋሼን በቪዲዮ አሳየኝ።” “አሁን ተኝተዋል” የሚለው መልስ ሁለት ጊዜ ከተደጋገመ የተደበቀ ነገር አለ። ቁርጡን ማወቅ እንደምትፈልጉ በግልጽ ተናገሩ። ካወቃችሁ በኋላ ለቅሶ የሚደረስበትን ቀን ራሳችሁ ትወስናላችሁ፣ ልጆቹንም በቋንቋቸው ታዘጋጃላችሁ።

የአደራ ዕቃና ሻንጣ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካ ለሚነሳ የኢኮኖሚ መንገደኛ በተለምዶ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ይፈቅዳል፤ የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ነው። የገዛችሁት ቲኬት ይህንኑ እንደሚሰጥ እዩ። አራት ሰው ከሆናችሁ 184 ኪሎ ነው፤ ወሬው በተሰማ በሁለተኛው ቀን ግን ግማሹ በሰው አደራ ይያዛል። እምቢ ማለት ለኛ ከባድ ስለሆነ አስቀድሞ ደንብ ማውጣት ይሻላል፦ ለአደራ አንድ ሻንጣ ብቻ፣ 20 ኪሎ። ከመነሻው በፊት ያለው ረቡዕ ካለፈ አትቀበሉም። ዕቃው ክፍት ሆኖ ይመጣል፤ ላይ ላዩ የተቀባዩ ስምና ስልክ ይጻፋል። ተቀባዩ ካረፋችሁበት ቤት መጥቶ ይወስዳል እንጂ እናንተ አታደርሱም። በማድረስ የሚባክነው ሁለት ቀን የአያትና የልጅ ልጅ ቀን ነው።

የታሸገ ካርቶን፣ ስምና መለያ የሌለው መድኃኒት፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ ብዙ ስልክ አትቀበሉ፤ ጉምሩክ የሚጠይቀው የያዘውን ሰው ነው። ለልጅ የተገዛ ድሮንና የርቀት መነጽርም ቤት ይቅር፤ ያለ ፈቃድ ቦሌ ላይ ይያዛሉ። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው አይገባም፤ 20,000 ሚሊአምፒር ያለው ከ100 ዋት ሰዓት ወሰን በታች ስለሆነ ያልፋል።

ሻንጣውን በሰው አትለዩ። በእያንዳንዱ ውስጥ የሁሉም ሰው ሁለት ሁለት ቅያሪ ይግባ፤ አንዱ ሻንጣ ቢዘገይ ማንም ያለ ልብስ አይቀርም። ቤት ስትመዝኑ 22 ኪሎ ላይ አቁሙ፣ የሚዛን ልዩነት አለ። ለሽማግሌዎች ከሽቶና ከቲሸርት ይልቅ የሚጠቅመው ክንድ ላይ የሚታሰር የደም ግፊት መለኪያ ከነባትሪው፣ የንባብ መነጽርና ምቹ ጫማ ነው። ለጫማው የእግራቸውን ልክ በወረቀት አስነድፋችሁ በፎቶ አስልኩ። የአሜሪካ የፀጉር ማድረቂያና ካውያ ግን አትውሰዱ፦ የተሠሩት ለ120 ቮልት ነው፣ እዚያ 220 ነው። መሰኪያ መቀየሪያ ቅርጹን እንጂ ኃይሉን ስለማይቀይር ወዲያው ይቃጠላሉ። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ላይ “ከ100 እስከ 240” የሚል ካለ በመሰኪያ ብቻ ይሠራል።

ጤና

የጉዞ ክሊኒክ ቀጠሮ ከስድስት ሳምንት በፊት ይሁን። የታይፎይድ መርፌ ከ2 ዓመት ጀምሮ ይሰጣል። ከ6 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን ለውጭ ጉዞ የኩፍኝ ክትባት ቀደም ብሎ ይወስዳል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ወባ አያሰጋም፤ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ቆላ የምትወርዱ ከሆነ ግን ለሐኪሙ ተናገሩ። ከፍታው መጀመሪያ ቀን ራስ ምታትና ድካም ያመጣል። ውኃ ማብዛትና አለመሮጥ ይበቃል።

ልጆች የሚታመሙት አብዛኛውን ጊዜ በሆድ ነው። ጥርስ መፋቂያው ውኃ ሳይቀር የታሸገ ይሁን፤ ሰላጣና በረዶ ይቅር፣ ክትፎው ለልጅ ይብሰል። ኦአርኤስ፣ በተቅማጥ የጠፋውን ውኃና ጨው የሚተካውን ዱቄት፣ ስድስት ፓኬት ያዙ፣ አንዱ የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው። ውኃውን ቀንሶ ማወፈር ልጁን ይጎዳል።

ስለ ውሻ ደግሞ አጥብቃችሁ ንገሯቸው። አሜሪካ ያደገ ልጅ ውሻ ሲያይ ሊዳብስ ይሄዳል። ቢነከስ ወይም ቢቧጨር ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ለእብድ ውሻ ክትባት ሆስፒታል ውሰዱት። ቁስሉ ትንሽ ነው ተብሎ አይታለፍም።

ሰባቱ ቀን

ኤፕሪል ላይ አዲስ አበባ ከዲሲ በሰባት ሰዓት ትቀድማለች። በአዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ለልጁ ሰውነት ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት ደግሞ እኩለ ሌሊት። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጠዋቶች ምንም ቀጠሮ አትያዙ። ቀን እንቅልፍ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይለፍ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይውጡ። ቀጠሮ ስትይዙም “በሐበሻ ሰዓት” ብላችሁ አረጋግጡ፤ የአውሮፕላን ቲኬት ግን ሁልጊዜ በፈረንጅ ሰዓት ነው።

እሁድ ቤት ውላችሁ እደሩ። ሰኞ ሲም ካርድ በፓስፖርት አውጡ፣ ዶላር በባንክ መንዝሩ፣ ደረሰኙን አስቀምጡ። ማክሰኞ ለቅሶና ከአልጋ የማይነሡ ሽማግሌዎች፤ ከሦስት ቤት አይብለጥ፣ በእያንዳንዱ ቤት ቡና እስኪፈላ ብቻ። የቀረው ዘመድ ወደ እናንተ ይምጣ፦ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ባረፋችሁበት ቤት አንድ ግብዣ ይሁንና ሁሉም ይጠራ። በየቤቱ እየዞሩ መብላት ደግ ይመስላል፤ ግን በቀን አራት ቤት ሲበላ ልጁ ይታመማል፣ ያልተሄደበትም ቤት ይቀየማል። ወጪውን እናንተ ቻሉ፣ ገንዘቡን ከሁለት ሳምንት በፊት ላኩ፤ የበዓል ዋዜማ ዶሮና በግ ይወደዳል። አንድ ዶሮ 12 ብልት ስለሚወጣው ለ40 ሰው አራት ዶሮና 40 እንቁላል ነው። በጾም ከሆነ በያይነቱ ይቀላል።

ለልጆቹ አንድ ሙሉ ቀን ስጡ። ብሔራዊ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር የተገኘችው ሉሲ፣ ድንቅነሽ፣ አለች። ከዚያ አንድነት ፓርክ ጥቁር ጎፈር ያላቸው አንበሶች፣ ወይም እንጦጦ። ከከተማ መውጣት ካሰኛችሁ ቢሾፍቱ በፈጣን መንገዱ ቅርብ ናት፤ ከዚያ የራቀ መንገድ የጸጥታውን ሁኔታ ከዘመድና ከኤምባሲ ሳይጠይቁ አይጀመርም። በስልክ በሚጠሩት በራይድ ወይም በፈረስ ታክሲዎች የልጅ መቀመጫ ስለማይገኝ ቡስተሩን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ።

ሰላምታውን ቤት እያላችሁ አለማምዱ፦ ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ማለት፣ በቀኝ እጅ መጨበጥ፣ ለአያት ጎንበስ ማለት፣ ጉርሻ ሲሰጥ አፍ መክፈት። “እንደምን አደሩ” የምትል አንዲት ቃል አያትን ከሻንጣው ሁሉ በላይ ታስደስታለች።

መመለሻው

ስንብቱ ቤት ይለቅ። ሸኚ ተርሚናል ውስጥ አይገባም፣ በሩ ላይ ፍተሻና ሰልፍ አለ፣ የቦሌ በር ላይ የሚለቀስ ለቅሶ ደግሞ ልጆቹን ይበጠብጣል። ከበረራው አራት ሰዓት ቀድማችሁ ውጡ። መመለሻው ለነዳጅ መንገድ ላይ ያርፋል፤ ቦሌ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፣ ታንኩን ሞልቶ መነሳት ያስቸግራል። ለልጆቹ ሌላ ቅያሪና መክሰስ ለዚያች ሰዓት ያስቀምጡ።

የተቆላ ቡና፣ በርበሬ፣ ሽሮ አሜሪካ ይገባል፣ ሁሉም ግን ይመዝገብ። ቋንጣ አይገባም። እናት ሳይነግሩ ድርቆሹ ውስጥ ይቀላቅሉታልና ከረጢቱን ፍቱና እዩ፤ ዳለስ ላይ የሚያሸቱት ውሾች አይስቱትም። ጫት በአሜሪካ ሕግ እንደ አደንዛዥ ዕፅ ይቆጠራል፣ “ሻይ ነው” ብሎ የሰጣችሁ ሰው አብሯችሁ አይቆምም። የድሮ መስቀልና የብራና መጽሐፍ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ከአገር አይወጣም፣ የአያት ስጦታ ቢሆንም።

ቆላ ወርዳችሁ ማላሮን የተባለውን የወባ መከላከያ ክኒን የጀመራችሁ ከሆነ ከወባው አካባቢ ከወጣችሁ በኋላ ሰባት ቀን ትቀጥላላችሁ። እስከ አንድ ዓመት ድረስ ልጅ ትኩሳት ቢይዘው ለሐኪሙ ከኢትዮጵያ እንደመጣችሁና የት የት እንደነበራችሁ መጀመሪያ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ጉንፋን ነው ብሎ ሊመልሰው ይችላል።