ፊልሙ አልቆ ፍርሃቱ ሲቀር፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የደሴ ሌሊት የራሱ ድምፅ አለው። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም የመንገዱን መብራት ያደበዝዘዋል፤ ቀን በፀሐይ የሞቀው ቆርቆሮ ሌሊት ሲበርደው ቋ፣ ቋ ይላል፤ ራቅ ብሎ ጅብ ይጮኻል። የ11 ዓመቷ የእህቴ ልጅ እነዚህን ድምፆች እየሰማች ነው ያደገችው። አንድ ማታ በስልክ አስፈሪ ፊልም አየችና በማግስቱ ሁሉም እንደ አዲስ ያስፈሯት ጀመር። ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ላይ ነው፤ ከመሸ ብቻዋን አትወጣም። መብራት ከጠፋ አትተኛም። ቤተሰቡ ሁሉ ሊያግዛት ተረባረበ፣ እኔም አክስቷ አንዷ ነበርኩ። ኋላ ሳስበው ግን፣ ካደረግናቸው ነገሮች ብዙዎቹ ፍርሃቱን ያቆዩት እንጂ ያባረሩት አልነበሩም።

ፈሪ ብሎ ማሳፈር

መጀመሪያ ያልናት «ትልቅ ልጅ አይደለሽም እንዴ?» ነበር። ከዚያ በኋላ መፍራቷን አላቆመችም፣ መናገሯን ግን አቆመች። እኛም ሳናውቅ አንድ ሳምንት ያህል ብርድ ልብሱ ውስጥ ተሸፋፍና እያለቀሰች አደረች። ይህን ሳስብ አሁንም ያመኛል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ክሪስተን ሃሪሰን እና ጆአን ካንተር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ስለዚሁ ጉዳይ ጠይቀው ነበር። ከ10ሩ 9 ያህሉ በልጅነታቸው ወይም በጉርምስናቸው ከፊልም ወይም ከቴሌቪዥን የተረፈ ፍርሃት እንደነበረባቸው አስታወሱ፤ ሩብ ያህሉ ደግሞ ስሜቱ ገና አልለቀቀንም አሉ። እነዚህ አዋቂዎች ናቸው። አንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባል ክፍል አለ፤ አደጋ የመሰለውን ነገር ሁሉ አእምሯችን ገና «ይህ ፊልም ነው» ሳይል ተቀብሎ አድሬናሊን የተባለ ሆርሞን ያስረጫል። ልብ ይመታል፣ እጅ ያልባል። ይህ የሰውነት ሥራ ነው፤ ከጀግንነት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ወሎ ላይ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ቃል አጥተን አናውቅም፦ «አብሽር»፣ «አብሽሪ»። መጀመሪያ እሱን ማለት፣ ከዚያ አጠገቧ ቁጭ ማለት።

«አታስቢው» ማለት

ቀጥሎ ያልናት ይህን ነው። ዳንኤል ዌግነር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ሰዎችን ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ አዘዛቸው፤ ድቡ ግን ከሐሳባቸው አልወጣ አለ። ከዚያ አስቡት ሲባሉ ደግሞ ከመጀመሪያው እንዲያስቡት ከተነገራቸው ሰዎች ይበልጥ አሰቡት።

ለኛ የሠራው ተቃራኒው ነው። አንድ እሁድ ቡናው ገና አቦል ላይ እያለ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንድትተርክልን ጠየቅናት። ቀን፣ በር ተከፍቶ፣ ሰው በተሰበሰበበት። መጀመሪያ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቶናው ሲቀዳ በእጅዋ እያሳየች ታወራ ነበር። ከዚያ ስለ አሠራሩ አወጋን። አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳየው ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በዚያ በታወቀው የገላ መታጠቢያ ቤት ግድያ ላይ የሚፈሰው ደም የቸኮሌት ሽሮፕ ነው። የአጥንት መሰበር ድምፅም ብዙ ጊዜ ጥሬ አትክልት ማይክሮፎን አጠገብ ሲሰበር የሚወጣ ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ ትንሽ ዝም አለችና «ታዲያ ካሜራ የያዘው ሰው የት ቆሞ ነበር?» አለች። ከፊልሙ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍርሃት ይልቅ የማወቅ ጉጉት ፊቷ ላይ አየሁ።

ፍርሃቱ ያዘዘውን ሁሉ መፈጸም

ከሁሉም የከበደን ይህ ነው፤ ምክንያቱም ፍቅር ይመስላል። መብራት አብሩልኝ ስትል እናበራለን። አልጋ ሥር እዩልኝ ስትል ጎንበስ ብለን እናያለን፣ አሥር ደቂቃ ሳይቆይ ደግመን እናያለን። ሽንት ቤት ድረስ እናቷ እጇን ይዛ ትወስዳታለች። እያንዳንዱ ለዚያች ቅጽበት ያሳርፋል። ግን አንጎሏ የሚማረው «አደጋ አልነበረም» ብሎ ሳይሆን «የዳንኩት እናቴ ስለያዘችኝ ነው» ብሎ ነው። ስለዚህ በማግስቱ ፍርሃቱ ባለበት ይጠብቃታል።

እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የተባለ ሕፃን እንዴት ከፍርሃቱ እንዳላቀቀች ጻፈች። የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ ጥንቸሉን ከሩቅ አሳየችው፤ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እያቀረበች በመጨረሻ በእጁ እስኪዳስሰው አደረሰችው። እኛም ግቢያችን ውስጥ ያደረግነው ይህንኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እስከ ሽንት ቤቱ በር አብሬያት ሄድኩ። ቀጥሎ ግቢው መሐል ቆምኩ። ከዚያ ደፉ ላይ። ከዚያ ቤት ውስጥ ሆኜ ድምፄን ብቻ አሰማት ጀመር። ደንቡ አንድ ነበር፦ ሮጣ እንዳትመለስ፣ ልቧ ረገብ እስኪል ቆማ ትንፋሿን ቀስ አድርጋ እንድታወጣ። አንድ ማታ ጅቡ ቀረብ ብሎ ጮኸና እንደገና እጄን ያዘች፤ ምንም አላልናትም፣ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመልሰን ከዚያው ቀጠልን። ሁለት ሳምንት ገደማ ወሰደ።

«እንድትለምጂው ደግመሽ እዪው» ብሎ ያንኑ ፊልም በግድ ማሳየት ግን ይህ አይደለም። እሱ ልጅን ከነፍርሃቷ ገደል መግፋት ነው።

ሌሊቱን በጫትና በቡና ማራዘም

ይህ ለታላላቆቹ ነው። ቀን ሲቅም የዋለ ሰው ምርቃናው ሳይለቀው ማታ አስፈሪ ፊልም ከፍቶ ይቀመጣል፤ ከዚያ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ልቡ ይደልቃል፣ ኮሽታ ያስደነግጠዋል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ዘመድ ነው፣ ልብን ያፋጥናል፣ እንቅልፍን ያርቃል። የቡናው ካፌይንም ቢሆን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሰውየው ግን የልቡን ምት ይሰማና «ፈርቻለሁ ማለት ነው» ብሎ ይተረጉመዋል።

ዱካኩን ከፊልሙ ጋር ማያያዝ

ከእንቅልፍ ነቅቶ መንቀሳቀስ አለመቻል፣ ደረት ላይ አንድ ነገር የተቀመጠ መምሰል፣ ጮኾ ድምፅ አለማውጣት። ዱካክ እንለዋለን። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎል ጡንቻዎቻችንን ያስራቸዋል፤ አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና እስሩ ሳይፈታ ያገኘዋል። በሰከንዶች ወይም በጥቂት ደቂቃዎች ያልፋል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ላይ፣ በጀርባው በተኛ ሰው ላይ ይበረታል። በፊልም ሳቢያ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረ ሰው ዱካክ ቢይዘው የሚጠበቅ ነው፤ ከስክሪኑ ወጥቶ የተከተለው ነገር የለም።

በኛ አገር የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ልጅ ሳይጸልይ፣ ዱዓ ሳያደርግ አይተኛም፤ ያረጋጋልና ማንም ይተወው አልልም። የሚጎዳው ልጅን «ጂን ይዞሻል» ማለት ነው። አንዴ ከተባለ ፊልሙ ቢረሳም ያ ቃል አይረሳም።

ያው ቅዠት እየተመላለሰ ለሚያስቸግረው ሰው አንድ መንገድ አለ። ቀን ቁጭ ብሎ ሕልሙን በፈለገው መጨረሻ አዲስ አድርጎ ማቀናበር፣ አዲሱንም በየቀኑ አሥር ሃያ ደቂቃ በሐሳብ መመላለስ። የቅዠት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ነው።

ለትንሽ ልጅ «ውሸት እኮ ነው» ብሎ መተው

ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ የሚያየውን እንጂ የሚባለውን አያምንም። ለእሱ ማስረዳት ሳይሆን ማቀፍ፣ ሞቅ ያለ ወተት፣ የሚይዘው ነገር ይሻለዋል። በዚያው አፋችን «ዝም ካላልክ አያ ጅቦን እጠራዋለሁ» ማለቱንም እንተው።

የኖርነውን ፍርሃት የፊልም ፍርሃት ነው ብሎ ማለፍ

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲደርስ ብዙዎቻችን የተኩስ ድምፅ በጆሯችን ሰምተናል፤ ልጅ አዝለው በእግር የወጡ አሉ። እንዲህ ያለ ሰው ፊልም አይቶ ሲንቀጠቀጥ የተነካው ፊልሙ ብቻ ላይሆን ይችላል። በር ሲጋጭ መሬት ላይ የሚተኛ፣ ያየውን እንደ ገና እየኖረ የሚነሳ፣ ከወር በላይ እንቅልፍ ያጣ፣ ትምህርት ወይም ሥራ ያቆመ ሰው ካለ፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል አብራችሁት ሂዱ። ስትሄዱ ሦስት ነገር ጽፋችሁ ያዙ፦ መቼ እንደጀመረ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ የትኛው ድምፅ ወይም ምስል እንደሚያስደነግጠው።