መብራት ሲጠፋ የትኛው ቤዝ ይሰማል?

አኩስቲክ ቤዜን፣ ማለትም እንደ ጊታር ባዶ ሳጥን ያለውን ባለ ወፍራም ድምፅ ቤዝ ጊታሬን፣ የገዛሁት ሱቅ ውስጥ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ሞክሬው ነው። ጀርባዬ ግድግዳው ላይ፣ ቤዙ ሆዴ ላይ። ወፍራሟን ክር ስመታት ደረቴ ድረስ ተሰማችኝ። በቃ፣ ማጉያ የማይፈልግ ቤዝ አገኘሁ ብዬ ከፈልኩ። በሁለት ታክሲ ተጋፍቼ ቱሉ ዲምቱ ደረስኩ፤ ወያላው ለቤዙም የአንድ ሰው ሂሳብ ተቀበለኝ። ማታ ጓደኛዬ ጊታሩን ይዞ መጣ። መብራት እንደልማዱ የለም። ጀመርን። ሁለት ዙር እንደሄድን ቀና ብሎ አየኝና "አንተ፣ እየመታህ ነው ወይስ እያሰብክ ነው?" አለኝ።

ሱቁን አልወቅስም። ያታለለኝ ጥጉ ነው። ወፍራም ድምፅ ግድግዳና ግድግዳ የሚገናኙበት ቦታ ላይ እየተደራረበ ይጎላል፣ ስለዚህ ጥግ ላይ የተሞከረ ቤዝ ሁሉ ጀግና ነው። ከዚያ በኋላ የሁለት ጓደኞቼን ቤዝ ተውሼ ሦስቱን ሳሎኔ ውስጥ ማወዳደር ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ነገር ተሳሳትኩ። እናንተ እንዳትሳሳቱ እንዴት እንደሚደረግ ልንገራችሁ።

በቅድሚያ ግን አኩስቲክ ቤዝ ለምን ድምፁ እንደሚያንስ ይግባን፣ ካለዚያ ምን እንደምናዳምጥ አናውቅም። ወፍራሟ ክር ኢ በምትባለው ኖታ ላይ ስትቃኝ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ትርገበገባለች። የጊታር ወፍራሟ ክር 82 ነው፣ እጥፍ። ድምፁ ወደ ታች እንዲህ ሲወርድ ሳጥኑ በዚያው ልክ ማደግ ነበረበት፣ ግን እንዲያ ካደገ ማን ያቅፈዋል? ኮንትራባስን፣ ያን ቆመው የሚጫወቱትን ግዙፍ ቫዮሊን መሳይ፣ እዩት። ቅኝቱ ከቤዝ ጊታር ጋር አንድ ነው፣ ሳጥኑ ግን ሰው ያክላል፤ የክሩ ርዝመት ራሱ ከአንድ ሜትር በላይ ነው። የኛው በአብዛኛው 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ አጫጭሮቹ ደግሞ 76። እ.ኤ.አ. በ1972 ኧርኒ ቦል ከጆርጅ ፉለርተን ጋር ሆኖ ኧርዝዉድ የተባለውን አኩስቲክ ቤዝ ሲያወጣ መነሻው ጊታሮን የተባለው የሜክሲኮ ትልቅ ባለ ወፍራም ድምፅ ጊታር ነበር፤ ሳጥኑን እንደዚያ ግዙፍ ያደረጉትም ለዚሁ ድምፅ ብለው ነው።

ሁለተኛው ችግር ጆሯችን ነው። ጆሮ እዚያ ታች ላይ ደካማ ነው። ክፍሉን አቋርጦ የሚደርሰን በሰከንድ 41 ጊዜ የሚርገበገበው ድምፅ ራሱ ሳይሆን ከሱ በላይ ያሉት 82፣ 123 እያሉ የሚወጡት ተከታይ ድምፆች ናቸው፤ የታችኛውን አእምሯችን ራሱ ይሞላዋል። በገና የሚደረድር ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል። ጅማቱ ድልድዩን በሚነካበት ቦታ ላይ እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፣ ያን ዝዝ የሚል ድምፅ የምታመጣው እሷ ናት። እንዚራዋን አውጥታችሁ ደርድሩት፣ ድምፁ ይደበዝዛል። ዝዝታው የላይኞቹን ድምፆች ስለሚያበዛ ወፍራሙ በሱ ላይ ተሳፍሮ ጆሯችን ይደርሳል። አኩስቲክ ቤዝም ነገሩ ይኸው ነው። የሚሰማው ቤዝ ብዙ "ወፍራም" ያለው ሳይሆን ወፍራሙን የሚሸከምለት ቀጭን ድምፅ ያለው ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው።

ከክሩ ጀምሩ። እኔ የመጀመሪያ ቀን የራሴን ቤዝ ዓመት ካለፈው ክር ጋር፣ የጓደኛዬን ደግሞ በሳምንቱ ከተቀየረ ክር ጋር አወዳድሬ "የሱ ይበልጣል" ብዬ አንድ ሌሊት ተናድጄ አደርኩ። ያወዳደርኩት ክርን ከክር ነበር። አዲስ የብሮንዝ ክር ያበራል፣ ይጮኻል፤ ላብና ቆሻሻ የጠጣ ክር ደግሞ የላይኞቹን ድምፆች ይውጣቸዋል። የሚቻል ከሆነ ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ አንድ ውፍረት ያለው አዲስ ክር ግጠሙ። የቤዝ ክር ዋጋ ስለማውቅ "የሚቻል ከሆነ" አልኩ። ካልተቻለ ቀቅሉት። አትሳቁ። የብረቱን ክር ፈታችሁ፣ ጠቅልላችሁ፣ በፈላ ውኃ 10 ደቂቃ ያህል፤ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርጋችሁ በደንብ እስኪደርቅ መተው ነው። ለጥቂት ጊዜ ነፍስ ይዘራል። ናይለን የለበሰውን ክር ግን አትንኩት። ለሽሮ የምትወዱትን ድስትም አትጠቀሙ፣ በዚህ ጉዳይ ቤት ውስጥ እስከ ዛሬ ይቅርታ አልተደረገልኝም።

ቀጥሎ ቦታ። የ41 ኸርዝ (በሰከንድ 41 ጊዜ የሚርገበገብ) ድምፅ አንዱ ሞገድ ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማል። አራት ሜትር ገደማ የሚሆን የኮንዶሚኒየም ሳሎን ልክ ግማሹን ይይዛል ማለት ነው፣ በዚህ ምክንያት ኢ ክፍሉ መሀል ላይ ትጠፋና ግድግዳው ጋ ትጎላለች። ካላመናችሁ አንድ ሰው ኢን ደጋግሞ ይምታ፣ እናንተ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። ድምፁ ከእግራችሁ ጋር ይሄዳል፣ ይመጣል። እኔ መጀመሪያ ስሰማው ቤዙ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ስለዚህ ወንበሩን ከጥግ አውጡትና ቦታውን ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። አድማጩም ሁለት ሦስት ሜትር ርቆ ምልክት ላይ ይቀመጥ። ሦስቱም ቤዞች እዚያው ወንበር ላይ፣ አድማጩም እዚያው። አንድ ክንድ መንሸራተት ውጤቱን ሊገለብጥ ይችላል።

መስኮት ዝጉ። እኛ ሰፈር ከአዳማ የፍጥነት መንገድ የከባድ መኪና ጉርምርምታ አይጠፋም፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ የአንዱ ጎረቤት ጄኔሬተር ይነሳል። ያ ጉርምርምታ የሚኖረው ቤዙ የሚኖርበት ሰፈር ስለሆነ በላዩ ላይ ተኝቶ ይሸፍነዋል። ጄኔሬተር ከተነሳ ቡና ጠጡና ጠብቁ።

አያያዝም አለ። የሳጥኑን ጀርባ ሆዳችሁ ላይ ለጥፋችሁ ከያዛችሁት ታፍኑታላችሁ። ትንሽ አጋድማችሁ ጀርባውን ነፃ አድርጉት። ከሁሉ በላይ ደግሞ በራሳችሁ ጆሮ ብቻ አትፍረዱ! ድምፁ የሚወጣው ወደ ፊት ነው፣ የናንተ ጆሮ ከላይና ከኋላ ነው፣ በዚያ ላይ የሳጥኑ ንዝረት በጎድናችሁ እየገባ "ኃይለኛ ነው" ያስብላችኋል። አድማጭ ያስፈልጋል፣ ቤዝ የማያውቅ ቢሆን ይመረጣል። እኔ ከታች ፎቅ ያሉትን እማማን ቡና ጠጡ ብዬ ጠራኋቸው። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀመጡ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ሦስቱንም አንድ በአንድ መታሁ። ዝም ብለው ሰሙና "ልጄ፣ አንደኛው በሆዱ ነው የሚያወራው፤ ሁለተኛው ለሰው ነው የሚያወራው" አሉ። አንደኛው የኔ ትልቁ ሳጥን ነበር። ሁለተኛው የጓደኛዬ ቀጭን ሳጥን፣ አዲስ ክር ያለው። "ሦስተኛውስ?" አልኳቸው፣ አጭሩን፣ ናይለን የለበሰ ክር ያለውን። "እሱማ ጨዋ ነው" አሉ። ከዚህ የተሻለ የቶን መግለጫ እስካሁን አልሰማሁም።

ክሩን ከቀቀልኩ በኋላ ደገምነው። የኔው ከሆዱ ወጣ፣ ሁለቱን ለመለየት ሁለቴ አስመቱኝ።

ምን ልምታ ለምትሉ። አራቱን ክሮች ባዷቸውን፣ በእኩል ጉልበት፣ አንድ በአንድ ምቱና እስኪጠፉ ጠብቁ። ብዙ ጊዜ ቀጭኗ ጂ ዘላ ትወጣለች፣ ወፍራሟ ኢ ወደኋላ ትቀራለች፤ ልዩነቱ ያነሰበት ቤዝ ከሰው ጋር ሲጫወቱት ያሳርፋል። ቆይታውን በሰዓት መለካት ትችላላችሁ፣ እኔ ግን ብዙም ዋጋ አልሰጠውም። ያለ ማጉያ ከጊታር ጋር ስትጫወቱ የሚሰማው የመጀመሪያዋ ቅጽበት ናት፣ ጭራውን ጊታሩ ይበላዋል። ከዚያ አንዷን ክር ከታች ጀምራችሁ ፍሬት በፍሬት (አንገቱ ላይ በተደረደሩት የብረት ዘንጎች) እስከ 12ኛው ውጡ። በመሀል አንድ ሁለት ኖታ ሳይጠሩ አቤት የሚሉ ታገኛላችሁ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር የራሱ የሆነ የሚወደው ድምፅ አለው፣ ኖታው እዚያ ጋ ሲደርስ ያግዘዋል፤ ከዚያ በታች ያሉት እየደከሙ ይሄዳሉ። ቀዳዳውን በካርቶን ሸፍናችሁ ያንኑ ኖታ ድገሙት፣ እገዛው ሲቀር ይሰማችኋል። ትልቅ ሳጥን ይህ ነጥቡ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ትልቅ ሳጥን ማለት የበለጠ ጥልቅ ማለት እንጂ የግድ የበለጠ ጩኸት ማለት አይደለም። እኔ ይህን ሳላውቅ ነው ትልቁን የገዛሁት።

ከዚያ ሙዚቃ ምቱ። አንድ ቀስ ያለ ትዝታ፣ አንድ ፈጠን ያለ ችክችካ፣ ሁለቱንም በሁሉም ቤዝ ላይ። ትዝታው ላይ ጥልቁ ይጣፍጣል፣ ኖታው ጊዜ አለው። ችክችካው ላይ ግን ያው ቤዝ ይጨማለቃል፣ የቀጭኑ ሳጥን ጥርት ያለ ምት ይበልጠዋል። ሁለቱንም አንዴ በአውራ ጣት አንገቱ አካባቢ፣ አንዴ በጣት ብሪጁ (ክሮቹ ሳጥኑ ላይ የሚያርፉበት ድልድይ) አጠገብ ድገሙ። አንገቱ ጋ ድምፁ ይከባል፣ ብሪጁ ጋ ይሾላል። አንዳንድ ቤዝ ቦታ ስትቀይሩ ሌላ ሰው ይሆናል፣ አንዳንዱ ምንም አይመስለው። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ፒክም (ክር መምቻዋን ትንሽ ፕላስቲክ) ሞክሩ፣ ያለ ማጉያ ጉልበት የሚጨምር ርካሽ ዕቃ ከሱ በላይ አላገኘሁም። በጉልበት መደብደብ ግን አያዋጣም። ክሩ ፍሬት ላይ መንቀጭቀጭ ይጀምራል እንጂ ወፍራሙ አይጨምርም።

በስልክ ለመለካት ለሚያምራችሁ፦ የድምፅ መለኪያ አፕሊኬሽኖች ብዙ ጊዜ "ኤ" በሚባለው ሚዛን ላይ ተቀምጠው ነው የሚመጡት። ያ ሚዛን 40 ኸርዝ አካባቢ ከ34 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) በላይ ይቀንሳል፣ ቤዛችሁን የለም ነው የሚላችሁ። ወደ "ሲ" ቀይሩት፣ እሱ የሚቀንሰው 2 ገደማ ነው። ስትቀዱ ደግሞ ስልኩ ትንሹን ድምፅ በራሱ ከፍ፣ ትልቁን ዝቅ እያደረገ ልዩነቱን ሊያጠፋው ይችላል፤ ይህን ማጥፊያ ያለው መቅጃ ፈልጉ። ቅጂውንም በስልኩ ድምፅ ማውጫ አትስሙት፣ ያቺ ሚጢጢ ነገር ወፍራም ድምፅ የላትም። ጥሩ ኢርፎን ይሻላል።

ዋናው ፈተና የመጨረሻው ነው፣ ብዙ ሰው ደግሞ የሚዘለው እሱን ነው። ብቻውን ያማረ ቤዝ ከሰው ጋር ሊጠፋ ይችላል። አንድ ጊታር የሚመታና አንድ የሚዘፍን ሰው አስቀምጡ። ጊታር የሚመታው ለቤዙ አዝኖ ቀስ እንዳይል ንገሩት፣ ጓደኛዬ ሁለት ጊዜ አዝኖልኝ ውጤቱን አበላሽቶብኛል። አድማጩ አንድ ነገር ብቻ ይመልስ፦ ቤዙ ኖታ ሲቀይር ተለይቶ ይሰማል ወይስ አይሰማም? እኛ ቤት ጊታሩ በጣት ሲነካ ሦስቱም ተሰሙ። በፒክ ሲገረፍ ጨዋው ጠፋ። ሁለተኛ ጊታር ሲጨመር የኔውም ጠፋ፣ የቀጭኑ ሳጥን የላይኛው ድምፅ ብቻ ቀረ። ከበሮ ካለ ደግሞ አትድከሙ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማጉያ ፈልጉ።

አንድ ነገር ልጨምር። እንጨት ወቅት ያውቃል። በበጋ ይደርቅና ፊቱ ይወርዳል፣ ክሩ ወደ ፍሬቱ ይጠጋል፣ መንቀጭቀጭ ይመጣል። በክረምት እርጥበት ይጠጣና ያብጣል፣ ክሩ ከፍ ይላል። የጥርን ትዝታ ይዛችሁ የነሐሴን ቤዝ አትመዝኑ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ጨርሱ። እኔ ባለፈው ክረምት ልድገመው ብዬ እማማን ጠራሁ፣ ቡናው ፈላ፣ ቤዞቹ ተደረደሩ፣ ገና ኢን ስመታ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ወረደ። እማማ ፊታቸውን ከመስኮቱ ሳያዞሩ "አሁንስ ሦስቱም ጨዋ ናቸው" አሉ።