የአሮጌ ሂሉክስ የፊት ዲስክ መቀየርና ኩሽኔታ ማስተካከል፦ ጣርማ በርን ለሚወርድ መኪና

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማ በር ሸዋ ሮቢት የሚገባ መኪና ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከባድ ማርሽ ሳይዝ በፍሬን ብቻ ከወረደ የቁልቁለቱ ጉልበት ሙቀት ሆኖ ዲስኩ ላይ ያርፋል፤ ከዲስኩ ወደ ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበትና ኩሽኔታዎቹ የሚቀመጡበት መሐል)፣ ከሞዞው ወደ ግራሶው ይዘልቃል። በዚህ መስመር ዲስክና ኩሽኔታ ተከታትለው የሚያልቁት ለዚህ ነው። በአሮጌው ፎር ባይ ፎር ሂሉክስ ደግሞ የግድ አብረው ይፈታሉ፤ ዲስኩ ከሞዞው ጀርባ በቡሎን ስለታሰረ ሞዞው ሳይወጣ አይነካም።

የሚከተለው ባለ ስድስት ዳዶ ጎማ፣ ፊቱ ላይ ፍሪዊል (የፊት ጎማውን ከአክሱ የሚያገናኝና የሚያላቅቅ) ላለው ለዚያ መኪና ነው። በፈረንጆች 2005 ገደማ ከመጣው የሂሉክስ ሞዴል ከቪጎ ወዲህ ባሉት ፎር ባይ ፎሮች የፊት ኩሽኔታው የታሸገ ስለሆነ ሲያረጅ ሙሉው ይቀየራል እንጂ ግራሶ አይሞላም። የፊት ፍሬኑ ታምቡር የሆነ አይሱዙ ያለው ሰው የዲስኩን ነገር ይለፈው፤ የኩሽኔታው ዘዴ ተመሳሳይ ነው፣ የማጥበቂያው ቁጥር ግን ሌላ ነው።

መጀመሪያ ሕመሙ ይለይ። ፍሬን ሲያዝ ብቻ መሪ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጥርጣሬው ዲስኩ ላይ ነው። ፍሬን ሳይያዝ ከፍጥነት ጋር የሚያድግ ጉርምርምታ ካለ፣ ወደ ግራ ሲታጠፍም ከባሰ፣ ክብደቱ የተጫነበት የቀኙ ኩሽኔታ ነው። ጎማውን በክሪክ አንሱና ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት። ከተነቃነቀ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ፦ መነቃነቁ ከቆመ ኩሽኔታው ላልቷል፤ ካልቆመ ችግሩ ከሞዞው ጀርባ ያለው መጋጠሚያ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ምልክት ደግሞ አለ፦ ፔዳሉ በመጀመሪያው እርግጫ ይሰምጣል፣ በሁለተኛው ይቆማል። የላላ ኩሽኔታ ዲስኩን እያወዛወዘ ሸራዎቹን ወደ ኋላ ስለሚገፋ ነው። እንዲህ ያለውን መኪና የፍሬኑን አየር ቢያስወጡለት፣ ደግመው ቢያስወጡለት ለውጥ የለውም።

ለሁለቱ ጎማ ሁለት ዲስክ፣ አራት የፍሬን ሸራ፣ አራት ኩሽኔታ ከነውጭ ቀለበታቸው (የውስጠኛው ከውጭኛው ተለቅ ይላል)፣ ሁለት አዲስ ኦይል ሲል (ግራሶው እንዳይወጣ የሚያግድ ጎማ)፣ ሁለት የመቆለፊያ ሮንዴላና ግማሽ ኪሎ ግራሶ ያዙ። ግራሶው ለጎማ ኩሽኔታ የተሠራ ሊትየም ኮምፕሌክስ፣ ቁጥር 2 ይሁን። ለባሌስትራ የሚቀባው ተራው ግራሶ ቁልቁለት ላይ ቀልጦ ይፈስና ሸራው ላይ ይደርሳል። ኩሽኔታውን ለያዘው ትልቅ ዳዶ ባለ 54 ሚሊሜትር ቡሶላ የግድ ነው። ያንን ትልቅ ዳዶ በመሮና በመዶሻ መፍታት በየቦታው ይታያል፤ የብረት ፍርፋሪ ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል፣ ሲታሰርም ልክ የሚባል ነገር አይኖርም።

ክሪኩን መረሬ አፈር ላይ ካቆማችሁ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ ይግባ፤ መኪናው ካባሌቶ (የብረት መቆሚያ) ላይ ይረፍ፤ የኋላ ጎማ በድንጋይ ይታገት። የሸራውን አቧራ በአፍም በኮምፕረሰርም አትንፉት፣ አርጥባችሁ ጥረጉት። ሸራዎቹን ከያዙት ስፒናዎች አላቃችሁ አውጡ። የካሊፐሩን (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን) ሁለት ቡሎኖች ፈትታችሁ ካሊፐሩን በሽቦ አንጠልጥሉት፤ በቱቦው ከተንጠለጠለ ቱቦው ውስጡ ይቀደዳል፣ ከውጭ ግን አያሳይም። የፍሪዊሉን ክዳን፣ ቀጥሎ የአክሱን ጫፍ የያዘውን ቡሎንና ቀለበት፣ ከዚያ ስድስቱን ዳዶዎች ፍቱ። ከዳዶዎቹ ሥር ያሉት ሾጣጣ ሮንዴላዎች ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ዙሪያውን በነሐስ መዶሻ መታ መታ ሲደረግ ይዘላሉ። የመቆለፊያ ሮንዴላውን ጥርስ አቅንታችሁ ሁለቱን ባለ 54 ዳዶዎች ስትፈቱ ሞዞው ከነዲስኩ ይወጣል።

የድሮውን ኩሽኔታ በቤንዚን አጥባችሁ በፀሐይ እዩት። ሰማያዊ ከሆነ ተቃጥሏል፤ ቅርፊቱ ከተነሳ ወይም ከልክ በላይ ታስሮ ሮጧል ወይም አልቋል፤ የዝገት ነጠብጣብ ካለበት በወንዝ መሻገሪያ ውሃ ገብቶበታል። ቀለበቱን ሳይቀይሩ ኩሽኔታውን ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። የድሮው ቀለበት በነሐስ ዘንግ ግራና ቀኝ እየተፈራረቀ ተመትቶ ይወጣል። አዲሱ ሲገባ ድምፁን አዳምጡ፦ እየገባ ሳለ የታፈነ ነው፣ ታች ሲደርስ ብረት በብረት ሆኖ ይጮሃል።

ዲስኩ አዲስ ሳለ 20 ሚሊሜትር ነው፤ ከ18 ከወረደ ይጣላል። ቶርኖ ቤት አስላጭቶ መመለስ ለሜዳ ያስኬድ ይሆናል፤ ለጣርማ በር ግን የሳሳ ዲስክ ቶሎ ስለሚግል አይመከርም። ከአዲሱ ዲስክ በፊት የሞዞው ፊት በብረት ብሩሽ ይፈተግ። እዚያ የቀረች የዝገት ቅርፊት ዲስኩ ጠርዝ ላይ ስትደርስ ጥምዝ ትሆናለች፤ “አዲስ ዲስክ ገዝቼ መሪው አሁንም ይንቀጠቀጣል” የሚባለው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ቡሎኖቹ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል በ64 ኒውተን ሜትር ይጠበቁ። የዲስኩ መከላከያ ዘይት በቤንዚን፣ ካልሆነም በሙቅ ውሃና በኦሞ ይታጠብ። ነጭ ጋዝ ቅባት ስለሚተው አይሆንም።

ግራሶውን መዳፍ ላይ አድርጋችሁ የኩሽኔታውን ሰፊ ጎን እየጫናችሁ ግፉት፤ በጠባቡ በኩል ክር ክር ብሎ እስኪወጣ ድረስ አልሞላም። የሞዞው ሆድ ከግማሽ በላይ አይሞላ፤ ትርፉ ሲሞቅ ኦይል ሲሉን ይገፋል።

ሥራው ሁሉ የሚበላሸው ከዚህ ቀጥሎ ነው። የውስጠኛው ዳዶ መጀመሪያ በ59 ኒውተን ሜትር ይጠበቅ፣ ሞዞው ወዲያና ወዲህ ይሽከርከር፣ ዳዶው በእጅ እስኪዞር ይላላ፣ ከዚያ በ25 ይጠበቅ። ቶርክ ቁልፍ ከሌለ እህል ወይም ማር የሚመዘንበት ባለ መንጠቆ የስፕሪንግ ሚዛን ይሠራል። ከቡሶላው መሐል 25 ሳንቲሜትር ርቆ በቀጥታ ጎን 10 ኪሎ መሳብ ከ25 ኒውተን ሜትር ጋር እኩል ነው፤ 24 ኪሎ 59፣ 19 ኪሎ 47 ይሰጣል። ከዚያ ያንኑ ሚዛን የጎማው ቡሎን ላይ አንጠልጥላችሁ ካሊፐሩ ሳይገባ ሳቡ። ሞዞው መዞር ሲጀምር ከ2.9 እስከ 5.7 ኪሎ ማንበብ አለበት። የመቆለፊያ ሮንዴላውን አስገብታችሁ የውጭውን ዳዶ በ47 ካጠበቃችሁ በኋላ እንደገና ለኩ፤ የዳዶውን ጥርስ ክፍተት ስለሚዘጋ ንባቡ ከፍ ይላል። ከ5.7 ካለፈ ፍቱና ከ25 ቀንሳችሁ ድገሙት። ልክ ሲሆን የሮንዴላው አንድ ጥርስ ወደ ውስጥ፣ አንዱ ወደ ውጭ ይታጠፍ።

የካሊፐሩ ቡሎኖች በ123 ይጠበቃሉ፤ በሚዛኑ 50 ሳንቲሜትር ላይ 25 ኪሎ ማለት ነው። ፒስተኖቹን ወደ ኋላ ከመግፋታችሁ በፊት ከፍሬን ዘይቱ ቋት ጥቂት ቅዱ፤ ሞልቶ ከፈሰሰ ቀለም ይልጣል። ከአራቱ አንዱ እምቢ ካለ ካሊፐሩ መፈታት አለበት፤ እንዲሁ ከታሰረ አዲሱ ሸራ በአንድ ወገን ብቻ ይበላል። መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉ እስኪጠጥር ይረገጥ።

ሸራውን ለማላመድ ቁልቁለት አይወሰድም። ከደብረ ብርሃን ወደ ጫጫ ባለው ሜዳ ፍሬን እየያዛችሁ ፍጥነቱን በሰዓት ከ60 ወደ 20 ኪሎ ሜትር አሥር ጊዜ ያህል ቀንሱት፣ ሙሉ በሙሉ ግን አታቁሙ፤ ከዚያ ፍሬን ሳይያዝ አሥር ደቂቃ ይነዳ። ስትቆሙ የሞዞውን ክዳን በእጅ ጀርባ ዳስሱ። ሁለቱም ለብ ካሉ ደህና ነው። አንዱ ከነዲስኩ ካቃጠለ ሸራው አልላቀቀም፤ ዲስኩ ከሌላው እኩል ሆኖ ክዳኑ ብቻ ካቃጠለ ኩሽኔታው ስለጠበቀ ሚዛኑን ይዛችሁ ተመለሱ። የጎማ ዳዶዎች ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ የጎማው ውዝዋዜ ከ500 በኋላ እንደገና ይታይ።