ውሃ ብቻ ሲሞላ የኖረን አሮጌ መኪና እንዴት መመርመርና በአንቲፍሪዝ መሙላት እንደሚቻል

በድሬዳዋ ስለ አንቲፍሪዝ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው መልስ «እኛ ጋ በረዶ የት አለና?» የሚል ነው። ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ራዲያተር ውስጥ የሚሞላው የዚህ ፈሳሽ ስም «ፀረ በረዶ» ማለት በመሆኑ አሳሳች ነው፤ ስለዚህ መልሱ አያስገርምም። ይሁን እንጂ አንቲፍሪዝ የሚሠራው ሥራ ሦስት ነው፤ ውሃው ወደ በረዶ እንዳይለወጥ ያደርጋል፣ ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሞተሩ ብረቶች ከውስጥ እንዳይበሉ ይከላከላል። እንደ ድሬዳዋና ሐረር ላሉ ከተሞች ወሳኞቹ የኋለኞቹ ሁለቱ ናቸው።

ይህን የተማርኩት ከአባቴ በቀረችልኝ ፔጆ 404 ነው። ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ እየሞላሁ ስነዳት ከቆየሁ በኋላ፣ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ስትወጣ መሞቅ ጀመረች። ቴስታታዋ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ሲገለበጥ የውሃ መተላለፊያ ቀዳዳዎቹ ጠርዝ ምስጥ የበላው እንጨት ይመስል ነበር። አንደኛው ቀዳዳ እየሰፋ ሄዶ ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ከሚያርፍበት የሲሊንደር ከንፈር ጋር ሊገናኝ የቀረው የጥፍር ስፋት ያህል ብቻ ነበር። በጣቴ ስነካው ነጭ ዱቄት ሆኖ ረገፈ።

ምክንያቱን መረዳት ለቀጣዩ ሥራ ስለሚጠቅም ጥቂት ልቆይበት። በፈረንሳይ ከ1960 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. የተመረተችው ፔጆ 404 ብሎኳ (የሞተሩ ዋና አካል) ከብረት፣ ቴስታታዋ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው፤ በዚያ ዘመን የነበሩ ራዲያተሮች ደግሞ ከመዳብና ከናስ ተሠርተው በቆርቆሮና በእርሳስ ብየዳ የተያያዙ ናቸው። እነዚህ የተለያዩ ብረቶች ማዕድን ባለበት ውሃ ውስጥ ሲገናኙ ልክ እንደ ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ፤ በዚህ ሂደት ተበልቶ የሚያልቀው ደካማው አሉሚኒየም ነው። በአንቲፍሪዝ ውስጥ ያለው ዝገት ተከላካይ መድኃኒት ብረቶቹን በስስ ሽፋን ስለሚጋርዳቸው ይህ መበላላት ይገታል። በተጨማሪም የድሬዳዋ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣና ኖራ የበዛበት ነው፤ በየቤቱ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት በሞተሩ የውሃ መተላለፊያም ውስጥ ይጋገራል። ቅርፊቱ ሙቀት ስለማያስተላልፍ፣ ከጎኑ ያለው ውሃ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ከሥሩ ያለው ብረት ከመጠን በላይ ይግላል፤ ቴስታታ የሚጣመመውና ጓርኒሲዮን የሚቃጠለውም በዚህ ምክንያት ነው።

የመፍላትም ጉዳይ አለ። ከፍታ ሲጨምር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ተራ ውሃ በድሬዳዋ ወደ 96፣ በሐረር ደግሞ ወደ 94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይፈላል። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ አንቲፍሪዝ የመፍላት ነጥቡን በ7 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርገዋል፤ ደህና የራዲያተር ክዳን ደግሞ በሚፈጥረው ግፊት የበለጠ ይጨምርለታል። ሙሉ ሰው ይዞ ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ ለሚወጣ አሮጌ ሞተር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ጉዳት መድረሱን መመርመር

ምርመራው የሚጀመረው ሌሊቱን ባደረና ፈጽሞ በቀዘቀዘ ሞተር ላይ ነው። የሞቀ ራዲያተር ክዳን ሲከፈት በግፊት ታፍኖ የነበረው ውሃ በቅጽበት ስለሚፈላ ፊትንና እጅን ክፉኛ ያቃጥላል። ክዳኑን ከከፈቱ በኋላ በንጹሕ ብርጭቆ ትንሽ ውሃ ቀድተው ብርሃን ላይ ይመልከቱት። ቀይ ሸክላ እንደተበጠበጠበት ከደፈረሰ ብሎኩ ዝጓል ማለት ነው። ከላይ የዘይት ንጣፍ ከሰፈፈበት ግን ጓርኒሲዮኑን ይጠርጥሩ።

ቀጥሎ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይምዘዙ። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል፤ ውሃ የገባበት ዘይት ማለስለሱን ስለሚያጣ ሞተሩን በጭራሽ አያስነሱ፣ መኪናዋንም አስጎትተው ወደ መካኒክ ይውሰዱ። በ404 ላይ ይህ ምልክት ሁልጊዜ ጓርኒሲዮን ተቃጠለ ማለት አይደለም። መካኒኮች ካሚቻ የሚሉት የሲሊንደር ቱቦ በዚህች መኪና በቀጥታ ውሃው ውስጥ የቆመ ስለሆነ፣ ከግርጌው ያለው ማሸጊያ ሲበላ ውሃው ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ስለዚህ መካኒኩ ቴስታታውን ካወረደ በኋላ ካሚቻዎቹንም እንዲያይልዎ ይጠይቁ፤ ይህ ሳይደረግ ቀርቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ሁለት ጊዜ የተፈታ ሞተር አይቻለሁ።

ዘይቱ ንጹሕ ከሆነ ክዳኑን እንደከፈቱ ሞተሩን ያስነሱና ውሃውን ይመልከቱ። መጀመሪያ ላይ ጥቂት አረፋ ቢወጣ ችግር የለውም፤ ሳያቋርጥ የሚፍለቀለቅ ከሆነ ግን የሲሊንደሩ ጭስ ወደ ውሃው እየገባ ነው፣ ቴስታታውም መውረዱ አይቀርም። ሞተሩን ካጠፉና ከቀዘቀዘ በኋላ ማኒኮቶዎቹን (ውሃውን የሚያመላልሱትን የጎማ ቱቦዎች) በእጅዎ ይጫኑ፤ ከውስጥ የሚንኮሻኮሽ ወይም ከላይ የተሰነጣጠቀ መለወጥ አለበት።

ማፍሰስና ማጠብ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የራዲያተሩን የታች ቧንቧ ብቻ ከፍቶ ማፍሰስ ከብሎኩ ውስጥ ያለውን ውሃና ዝቃጭ አያወጣውም። በብሎኩ ጎን የራሱ ማፍሰሻ ቡሎን አለ። ቡሎኑ ተፈትቶ ምንም ካልወጣ «ውሃ የለበትም» ብለው አይለፉት፤ ቀዳዳው በዝገት ስለተደፈነ ቀጭን ሽቦ አስገብተው ቀስ እያሉ ይቆስቁሱት። በእኔ መኪና መጀመሪያ የወጣው ሩብ ብርጭቆ የማይሞላ ጥቁር ጭቃ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነው ውሃው በድንገት የወረደው። የሚፈሰውን ሁሉ በሳፋ ይቀበሉትና ስንት ሊትር እንደሆነ ይለኩት፤ ምን ያህል መሙላት እንዳለብዎ በግምት ያሳይዎታል።

ከዚያ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋውን በር) አውጥተው በጎማ ቱቦ ንጹሕ ውሃ ይልቀቁበት። ውሃው ከተለመደው አቅጣጫ በተቃራኒ፣ ማለትም ራዲያተሩን ከታች ወደ ላይ ቢያጥበው ዝቃጩን በተሻለ ይነቅለዋል። ቅርፊቱ ከበዛ ጥቂት ሲትሪክ አሲድ በውሃ ሟሙቶ ለአጭር ጊዜ ይዞርበትና ምንም ቅሪት እስከማይኖር ድረስ ደጋግሞ ይታጠባል። ኮስቲክ ሶዳ ግን አሉሚኒየምን የሚያሟሟ ስለሆነ ማንም ቢመክርዎ እሺ አይበሉ። አሮጌ ራዲያተር ከታጠበ በኋላ ማፍሰስ ሊጀምር ይችላል፤ ቀዳዳውን የፈጠረው እጥበቱ ሳይሆን ዝገቱ ነው፣ ቅርፊቱ ደፍኖት ኖሮ ነው። ይህ በሰፈር መታየቱ ደንገጎ ወገብ ላይ ከመታየት እጅግ ይሻላል።

«አገሩ ሞቃት ነው» ተብሎ ቴርሞስታትን አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ሞተሩ ትክክለኛ ሙቀቱን ሳያገኝ ብዙ ስለሚሠራ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያረጃል። ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥለው በድስት ውሃ ውስጥ ቢያፈሉት፣ በላዩ በተጻፈው የሙቀት መጠን አካባቢ ሲከፈት በዓይንዎ ያያሉ። ከተከፈተ መልሰው ይግጠሙት፤ ካልተከፈተ አዲስ ይግዙ። የራዲያተሩ ክዳንና ቺንጋውም (ቬንቲላተሩን የሚያዞረው ቀበቶ) በዚሁ አጋጣሚ ቢታዩ መልካም ነው።

መቀላቀልና መሙላት

ግማሽ አንቲፍሪዝና ግማሽ የተጣራ ውሃ ከመኪናው ውጭ በንጹሕ ጀሪካን ውስጥ ይቀላቀላል። የተጣራ ውሃ ለባትሪ የሚሸጠው ነው፤ ሲገዙ ግን አሲዱን ሳይሆን ውሃውን መግዛትዎን ያረጋግጡ። የቧንቧ ውሃ ማፍላት ኖራውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። አንቲፍሪዙን ሳይቀላቅሉ ብቻውን መሙላትም ጥቅም የለውም፤ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ከውሃ ያነሰ ከመሆኑም በላይ፣ ያልተቀላቀለው ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ አካባቢ ሲረጋ ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለው ግን ከዜሮ በታች እስከ 37 ዲግሪ ድረስ ይቋቋማል። በየትኛው ዓይነት እንደሚሞሉ ሲመርጡ ቀለሙን ሳይሆን በዕቃው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ ለአሮጌ ሞተሮችና ለመዳብ ራዲያተር የሚስማማ መሆኑ የተገለጸውን ይውሰዱ። ሁለት ዓይነት አንቲፍሪዝ ቢደባለቅ እንደ አጥሚት ሊወፍር ስለሚችል አሮጌው ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ አዲሱ አይጨመርም።

በሚሞሉበት ጊዜ የማሞቂያውን መቆጣጠሪያ ወደ ሙቅ ያድርጉና አየሩ እንዲወጣ ቀስ ብለው ያንቆርቁሩ። ክዳኑ ክፍት እንደሆነ ሞተሩን ያስነሱ፤ የላይኛው ማኒኮቶ በድንገት ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፍቷል ማለት ነው፣ ያን ጊዜ መጠኑ ዝቅ ስለሚል ይጨምሩና ይክደኑት። የ404 ቬንቲላተር (የማቀዝቀዣ ማራገቢያ) ሁልጊዜ የሚዞር ሳይሆን ሙቀት ሲጨምር በኤሌክትሮማግኔት ተይዞ የሚነሳ ስለሆነ፣ በጊዜው መነሳቱንም ቆመው ይጠብቁ።

ያፈሰሱትን አሮጌ ፈሳሽ በሚመለከት አደራ የምለው ነገር አለኝ። አብዛኛው አንቲፍሪዝ የሚሠራበት ኤትሊን ግላይኮል መርዝ ነው፣ ጣዕሙ ደግሞ ጣፋጭ ነው፤ ሕፃናት፣ ውሾችና ፍየሎች ሊጠጡት ይችላሉ። ቀድሞ የሞላው ማን እንደሆነ የማይታወቅ መኪና ከሆነ የወጣው ሁሉ መርዝ ነው ተብሎ ይታሰብ። በግቢም ሆነ በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አይደፋ፤ በሚከደን ዕቃ ተይዞ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይሰጥ።

ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ ባሌ ተራሮች የሚጓዝ ሰው የአንቲፍሪዝን የመጀመሪያ ሥራ፣ ማለትም ውሃው በረዶ እንዳይሆን መከላከሉንም ይፈልገዋል። ውሃ ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምርና ብረት ስለማይለጠጥ፣ አንድ የውርጭ ሌሊት ብሎክ ሊሰነጥቅ ይችላል።

መኪናዋን ወደ ደንገጎ በማውጣት ይፈትኗት። በመንገድ ላይ ሙቀቱ ከጨመረ ጥግ ይዘው ያቁሙና እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ደህናውን ቴስታታ ሳይቀር ይሰነጥቀዋል። ወደ ቤት ተመልሳ ካደረች በኋላ ማለዳ ክዳኑን ከፍተው መጠኑን ይዩ፤ የጎደለውን በዚያው ቅልቅል ይሙሉ። መድኃኒቱ በሁለት ዓመት ገደማ ስለሚደክም፣ የሞሉበትን ቀንና የሊትሩን ብዛት በወረቀት ጽፈው ከኮፈኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጥፉት።