የጎጃምን የቦታ ስሞች ስንፈታ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በድምፅ ብቻ መፍረድ። «አባይ ማለት ዋሾ ነው፤ አፈራችንን ጠርጎ ስለሚኮበልል ነው» ሲባል ስንቴ ሰምተናል! ዋሾ የሚል ትርጉም ያለው «አባይ» ከ«አበለ» የወጣ ነው፤ «አባይ ጠንቋይ» እንደምንለው። የወንዙ ስም ግን በዐይኑ ዐ ነው የሚጻፈው፣ ይህም በግዕዝ ታላቅ ማለት ነው፦ ለወንድ ዐቢይ፣ ለሴት ዐባይ። ዛሬ አልፋውና ዐይኑ በአፋችን አንድ ስለሆኑ ወንዛችንን ያለ ጥፋቱ ዋሾ አደረግነው። ይህ ያሳዝነኛል።

የቃሉን የዛሬ ትርጉም ብቻ ማየት። ሁለት እጁ እነሴ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የሰው እጅ ነው። ጎረቤቱ ወረዳ ግን ጎንቻ ሲሶ እነሴ ይባላል፤ እስቲ ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን አንብቧቸው። አውድማ ላይ ሦስት ቁና እህል ተሰፍሮ ሲካፈል አንዱ ቁና ሲሶ ነው፣ የቀሩት ሁለቱ ሁለት እጅ ናቸው። እነሴ የሚባለው አገር እንደ እህል ተሰፍሮ በስሞቹ ውስጥ ተቀምጧል። ከሞጣ ወደ ግንደ ወይን የሚሄድ መንገደኛ ከሁለት እጁ ወደ ሲሶው እየተሻገረ ነው። እኔ ከጎጃም ስሞች ሁሉ የምወደው ይህን ጥንድ ነው።

ሁሉንም በአማርኛ መፍታት። በአገው ምድር ያሉትን አንከሻን፣ ባንጃን፣ ዚገምን በአማርኛ ግሥ ለመተርጎም መታገል ከንቱ ድካም ነው። በአገው ትውፊት እነዚህ የወንድማማቾች ስሞች ናቸው፤ «ሰባት ቤት አገው» መባሉም ከዚያ ነው። እዚያው ያለችው እንጅባራ በሌላ ስሟ ኮሶ በር ስትባል ደግሞ ስሟ ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ባሶ ሊበን ላይ ያለው ሊበንም የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። መጀመሪያ የስሙን ቋንቋ መለየት፣ ከዚያ የቋንቋውን ተናጋሪ መጠየቅ ይገባል።

ስም ከቦታው አይነቃነቅም ማለት። የጥንቱ ዳሞት ከዓባይ ማዶ፣ በደቡብ ነበር። ሕዝቡ በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወንዙን ተሻግሮ ጎጃም ሲሰፍር ስሙንም ይዞት መጣ። የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ገድል አንብቦ የንጉሥ ሞተሎሚን ዳሞት ጎጃም ባለው ደጋ ዳሞት ውስጥ የሚፈልግ ሰው በተሳሳተው የወንዝ ዳር ቆሟል።

የአሁኑን ስም የመጀመሪያው አድርጎ መውሰድ። ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ነበረች፤ የዛሬ ስሟን ያገኘችው የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ካሠሩት የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ ፊት ስትቀመጡ «ይህ ስም ምን ማለት ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። «አባቴ፣ ይህ አገር ድሮ ማን ይባል ነበር?» በሏቸው።