ከአፕግሬድ በኋላ ፕሮግራሙ «ላይብረሪ የለም» ካላችሁ

ሊኑክሳችሁን አፕግሬድ አደረጋችሁ፣ ሪስታርት አደረጋችሁ፣ ከዚያ ትናንት ደህና ሲሰራ የነበረ ፕሮግራም አልነሳም አለ። ከተርሚናል ስታስነሱት ሊብኤስኤስኤል.ኤስኦ.1.1 የሚባል ፋይል መክፈት አልቻልኩም ይላችኋል። በመጀመሪያ ምንም አትንኩ። መልእክቱን እስከ መጨረሻው አንብቡትና ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡት። የጠፋውን ፋይል በስሙ ነግሯችኋል። ፋይሉ ላይብረሪ ነው፣ ማለትም ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት ኮድ።

ዋናዋ ነገር ከኤስኦ ቀጥላ ያለችው ቁጥር ናት። የምትቀየረው ላይብረሪው ከድሮው ጋር የማይስማማ ለውጥ ሲደረግበት ነው። ለምሳሌ ኡቡንቱ 22.04 ኦፕንኤስኤስኤል 3ን (ሊብኤስኤስኤል የሚመጣበትን ሶፍትዌር) ይዞ መጣና 1.1ን አስቀረው። በ1.1 የተሰራ ፕሮግራም ግን የሚፈልገው 1.1ን ራሱን ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አዲሱን ፋይል በድሮው ስም ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም ስም) ያደርገዋል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ስሙ ስለተገኘ መልእክቱ ይቀየራል እንጂ ችግሩ እዚያው ነው፤ ወይ ቨርዥኑ የለም ይላል፣ ወይ ሲምቦል (ላይብረሪው ውስጥ የሚፈልገውን ፈንክሽን ስም) አጣሁ ይላል፣ ሲብስ ደግሞ ተነስቶ ትንሽ ከሰራ በኋላ ስራችሁን ይዞ ይወድቃል፣ ያኔ ምክንያቱን መፈለግ በጣም ከባድ ነው።

ይልቅ ተርሚናል ላይ ኤልዲዲ ብላችሁ የፕሮግራሙን ሙሉ ፓዝ (ያለበትን አድራሻ) ስጡት። የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች ከየት እንዳገኛቸው አንድ በአንድ ይዘረዝራል፣ ያጣው ላይ «ኖት ፋውንድ» ይላል። የማታምኑት ፋይል ላይ ግን ኤልዲዲ አትጠቀሙ፣ ፕሮግራሙን ራሱን ሊያስነሳው ይችላል። ለዚያ ኦብጅዳምፕ ዳሽ ፒ ይሻላል።

ቀጥሎ ፋይሉ ማሽኑ ላይ አለ ወይ? ኤልዲኮንፊግ ዳሽ ፒ ብላችሁ ውጤቱን በግሬፕ ፈልጉት። ዲስኩ ላይ ኖሮ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ሲስተሙ ያለበትን ፎልደር አያውቀውም ማለት ነው። ኢቲሲ ውስጥ ኤልዲ.ኤስኦ.ኮንፍ.ዲ የሚባል ፎልደር አለ። እዚያ በኮንፍ የሚያልቅ ፋይል ፍጠሩ፣ የፎልደሩን ፓዝ ጻፉበት፣ ከዚያ በሱዶ ኤልዲኮንፊግ አስኪዱ። አለቀ።

ጭራሽ ከሌለ የየትኛው ፓኬጅ እንደሆነ ፈልጉ። ደቢያንና ኡቡንቱ ላይ ኤፒቲ-ፋይል ሰርች፣ ፌዶራ ላይ ዲኤንኤፍ ፕሮቫይድስ ይነግራችኋል። የድሮው ላይብረሪ ከሪፖው (ከፓኬጆቹ ማከማቻ) ከወጣ የፕሮግራሙን አዲስ ቨርዥን ጫኑ፣ ሶርስ ኮዱ ካላችሁ እንደገና ኮምፓይል አድርጉት። የድሮ ላይብረሪ ካገኛችሁበት አውርዳችሁ መጫን ያጓጓል፣ ግን ለኦፕንኤስኤስኤል 1.1.1 ለሁሉም ክፍት የነበረው የደህንነት ማስተካከያ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ቆሟል። አርች ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ አንድ ፓኬጅ ብቻ ነጥላችሁ አሻሽላችሁ እንደሆነ አስታውሱ፤ መፍትሄው ሲስተሙን በሙሉ ማሻሻል ነው።

ሁሉም ተገኝቶ ፕሮግራሙ አሁንም ከወደቀ የተሳሳተውን ኮፒ እያነሳ ይሆናል። ዩኤስአር ሎካል ሊብ ውስጥ ድሮ በእጃችሁ የጫናችሁት ካለ አዲሱን ይጋርደዋል። ባሽአርሲ (ተርሚናል ሲከፈት የሚነበብ ፋይል) ውስጥ የተረሳ ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ፣ ላይብረሪ መጀመሪያ የት እንደሚፈለግ የሚናገረው ቫሪያብል፣ እንዲሁ። አንሴት አድርጋችሁ ሞክሩ። ካልገባችሁ ኤልዲ_ዲበግን ሊብስ ብላችሁ ፕሮግራሙን አስነሱት፣ የት የት እንደፈለገ በሙሉ ያሳያችኋል። ውጤቱ ረጅም ነው፣ ግን ታግሳችሁ ብታነቡት መልሱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ውስጥ አለ።

ግሊብሲ (አብዛኛው ፕሮግራም የሚደገፍበት ዋናው ላይብረሪ) 2.34 የለም የሚል ከመጣ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ፕሮግራሙ ከሲስተማችሁ በላይ አዲስ ነው። ለእናንተ ዲስትሮ (ለምትጠቀሙት የሊኑክስ ዓይነት) የተዘጋጀውን ፈልጉ። ግሊብሲን ግን በእጃችሁ አትቀይሩ! ኤልኤስና ሱዶ ሳይቀሩ እሱ ላይ ስለሚደገፉ አንዴ ከተበላሸ ማሽኑን ከዩኤስቢ አስነስታችሁ ነው የምትጠግኑት።

ሰርቨር ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ከአፕግሬዱ በፊት የተነሱ ሰርቪሶች ሪስታርት እስኪደረጉ ድረስ የተሰረዘውን ላይብረሪ ሚሞሪ ላይ ይዘው ይቆያሉ። ደቢያንና ኡቡንቱ ላይ ኒድሪስታርት የትኞቹ እንደሆኑ ያሳያችኋል፣ እነሱን ሪስታርት አድርጉ።